«ዘመዴ አስጠግቶኝ ነው» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ለአዲስ ገቢዎች የእንግሊዝኛ ቅጽ መሙላትና ቃላቸውን ሲሰጡ ማስተርጎም ስጀምር የፈራሁት የሕክምናና የፍርድ ቤት ቃላትን ነበር። እነሱ አላስቸገሩኝም፤ ቁርጥ ያለ ፍቺ አላቸው። ያሳሳተኝ «የት ነው የምታድረው? ማን ጋ?» የሚለው ተራ ጥያቄ ነው። አማርኛችን ሰውን ቤት ስለማስገባት የሚናገርባቸው ግሦች ብዙ ናቸው፦ ማሳደር፣ ማሳረፍ፣ ማስጠጋት፣ ማስጠለል፣ ማስተናገድ፣ ማኖር፣ ማስፈር፣ ማከራየት። እንግሊዝኛም ከዚያ አያንስም። የሁለቱ ድንበር ግን አይገጥምም። መዝገበ ቃላት «አስጠለለ» ከሚለው ሥር አራት አምስት ቃል ደርድሮ ይተወናል፤ ከነዚያ አንዱ ደግ ያደረገልንን ሰው ወንጀለኛ ያስመስለዋል፣ ሌላው ቤት የሌለውን ሰው ቤት እንዳለው አድርጎ ያስመዘግበዋል። የቃሉን ልዩነት ሳያውቁ ፈርመው የተጎዱ ሰዎች ስላየሁ፣ የተማርኩትን እዚህ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ የሚያጋጥመው ስህተት «ስቴይ» እና «ሊቭ» ላይ ነው። ሁለቱንም «መኖር» ብለን እንወስዳቸዋለን። «አይ ሊቭ ዊዝ ማይ ካዝን» ያለ ሰው የአጎቴ ልጅ ቤት መኖሪያዬ ነው፣ ዕቃዬም ደብዳቤዬም እዚያ ነው ማለቱ ነው። «አይ አም ስቴይንግ ዊዝ ማይ ካዝን» ያለው ግን ለጊዜው እዚያ አርፌያለሁ፣ ነገ ሌላ ቦታ ልሆን እችላለሁ ማለቱ ነው። የቤት ርዳታ የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያውን ከተናገረ ጸሐፊው «መኖሪያ አለው» ብሎ ይጽፋል። በስኮትላንድ «ዌር ዱ ዩ ስቴይ?» ማለት «መኖሪያህ የት ነው?» ማለት ስለሆነ እዚያ ላይ ጥንቃቄው ይገለበጣል። የትም ይሁን የት የሚያድነው ከግሡ ኋላ ቀኑን መጨመር ነው፦ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ እንደተፈቀደላችሁ። ቀን ያለበት ዐረፍተ ነገር ሲተረጎምም አይዛባም።

ከዚህ የባሰ ጉዳት የሚያመጣው «ሆምለስ» ነው። እኔም እንደ ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ «ጎዳና ላይ ነህ?» ብዬ እተረጉመው ነበር። የተጠየቀው ሰው ክብሩ ተነክቶ «ኧረ በጭራሽ! ዘመዴ ቤት ነኝ» ይላል፤ መልሱም «ሆምለስ አይደለም» ተብሎ ይመዘገባል። ጎዳና ላይ ለሚያድር ሰው እንግሊዞች ለብቻው «ራፍ ስሊፐር» የሚል ቃል አላቸው። «ሆምለስ» ከዚያ ይሰፋል። በእንግሊዝ አገር የ1996ቱ የቤቶች ሕግ (እዚህ የምጠቅሳቸው የሕግና የታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድን ሰው ቤት አልባ የሚለው ሊይዘው መብት ያለው ወይም እዚያው ቆይ ሊባልበት የሚገባ ማረፊያ ሲያጣ ነው። ጣሪያ ሥር ማደሩ ብቻውን መልሱን አይወስነውም። ያስጠጋው ዘመድ «ልቀቅልኝ» ብሎት ከሆነ ጉዳዩ ሊታይለት ይችላል። በ2017 የወጣው የማሻሻያ ሕግ ደግሞ በ56 ቀን ውስጥ ቤት አልባ ሊሆን የተቃረበውንም ሰው ይመለከታል፤ ቀድሞ 28 ቀን ነበር። አሜሪካ ውስጥም በ1987 የወጣው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ ትምህርት ቤትን በሚመለከተው ክፍሉ ቤት አጥተው ወይም ቸግሯቸው ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተደርበው የሚኖሩ ልጆችን ቤት አልባ ብሎ ይቆጥራል። ለዚህ ኑሮ «ደብልድ አፕ» ይላሉ፣ ከእኛ «ደባል» ጋር የሚቀራረብ አነጋገር ነው። ስለዚህ «ሆምለስ» የሚለውን «የራሴ የምትለው፣ መብት ያለህበት ማደሪያ አለህ ወይ?» ብላችሁ ተርጉሙት። ቅጽ ራሳችሁ የምትሞሉ ከሆነም «አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት የሕጉን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትጠነቀቁለት ወደምፈልገው ቃል ልምጣ፤ እሱም «ሃርበር» ነው። ስም ሲሆን ወደብ ነው፣ ክፉ ትርጉም የለውም። ግሥ ሲሆን መዝገበ ቃላት «አስጠለለ፣ መጠጊያ ሰጠ» ይለዋል፤ በጥንት ትርጉሙም ልክ ነው። ቃሉ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን የሠራዊት ማደሪያ ማለት ነበር፣ በመካከለኛው ዘመንም መጠጊያ የሌለውን እንግዳ መቀበል ከጽድቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነበር። ዛሬ ግን ሰው «ሃርበር» ተደረገ ሲባል ጆሮ የሚሰማው «ከሕግ ተደበቀ» የሚለውን ነው። በ1850 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከባርነት ያመለጠ ሰውን «ሃርበር» ያደረገ ወይም የደበቀ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮና እስከ 6 ወር እስራት ይቀጣል ይል ነበር። አሁን ያለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግም ያለ ፈቃድ የገባን ሰው መደበቅንና «ሃርበር» ማድረግን ጎን ለጎን ወንጀል አድርጎ ጠቅሷል። ጋዜጣም ቃሉን አሸባሪ ደበቀ ለተባለ መንግሥት ነው የሚያውለው። «ቂም መያዝ» የሚባለውም በዚሁ ግሥ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው በጽሑፍ ቃሉ ላይ «የአጎቴ ልጅ ሦስት ወር ሃርበር አደረገኝ» ብሎ ቢጽፍ ምን እንዳደረገ አስቡት። ሊያመሰግነው ፈልጎ ከሰሰው። በምትኩ «ቱክ ሚ ኢን» ቢል፣ ማለትም ቤቱ አስገባኝ፣ ወይም «ሌት ሚ ስቴይ»፣ ማለትም እንድቆይ ፈቀደልኝ፣ የዘመዱ ደግነት ይታያል፣ ጥርጣሬም አይከተልም። አስተርጓሚ ለሆናችሁ ደግሞ ተቃራኒው አቅጣጫ ይበልጥ ከባድ ነው። መርማሪው «ዲድ ኤኒዋን ሃርበር ዩ?» ብሎ ሲጠይቅ «ያስጠለለህ ሰው አለ?» ካላችሁ፣ ተጠያቂው በቅንነት «አዎ፣ እግዜር ይስጠውና እገሌ» ብሎ ስም ይሰጣል። ጥያቄው «ደብቆ ያቆየህ ሰው አለ?» የሚል ነው። ክብደቱን በአማርኛው ውስጥ ካላስገባነው ሰውየው ያልተጠየቀውን መለሰ ማለት ነው።

ሥራዬ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ቃል በቃል መፈለግን ትቼ አስቀድሞ ሁኔታውን መጠየቅ ጀመርኩ። ቤቱ የማን ነው? ሰውየው የገባው ተጋብዞ ነው፣ ተከራይቶ ነው፣ ተመድቦ ነው፣ ወይስ ከአደጋ ሸሽቶ? ይከፍላል? ምግብ አብሮ አለ? ነገ ውጣ ቢባል ሊቃወም ይችላል? ከነዚህ ይበልጥ የሚለየው የመጨረሻው ነው። የሚከተሉት ቃላት ልዩነት በሙሉ ከነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይወጣል፤ ይህን አንዴ ከያዛችሁ አዲስ ቃል ቢመጣባችሁም አትደናገጡም።

ተጋብዞ ወይም ተለምኖ በነጻ ሲሆን «ፑት አፕ»፣ «ቴክ ኢን» እና «ሆስት» አሉ። «ፑት አፕ» የወዳጅ አነጋገር ነው፣ ለአንድ ሁለት ሌሊት ያህል፤ አማርኛው «አሳደረኝ» ይሆናል። የቃሉን አቀማመጥ ግን አትሳቱ። «ሺ ፑት ሚ አፕ» አሳደረችኝ ነው፤ «ሺ ፑት አፕ ዊዝ ሚ» ግን ታገሠችኝ፣ ቻለችኝ ማለት ነው። ባለውለታን በሁለተኛው ማመስገን ሸክም ሆኜባት ነበር እንደማለት ነው። «ቴክ ኢን» መጠጊያ ያጣን ሰው መቀበል ነው፤ «አስጠጋ» ለሚለው ከሁሉ የቀረበው እሱ ነው። «ሆስት» ደግሞ መስተንግዶ አለበት፣ አስተናጋጁም እንግዳውም የታወቀ ቦታ አላቸው። አገር ስደተኞችን «ሆስት» ያደርጋል፣ ቤተሰብ የውጭ ተማሪ «ሆስት» ያደርጋል። ገንዘብ ቢኖርበትም ኪራይ አይደለም። ብሪታንያ በ2022 ለዩክሬናውያን በከፈተችው መርሐ ግብር አስተናጋጆች ኪራይ እንዳይጠይቁ ተከልክሎ፣ በወር 350 ፓውንድ «የምስጋና ክፍያ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር የጀመረው። ስሙ ከንቱ አልነበረም። «ኪራይ» ቢባል ኖሮ እንግዳው ተከራይ፣ አስተናጋጁ አከራይ ነው የሚል ክርክር ይከተል ነበር።

ወደ ክፍያ ስንመጣ «ሎጅ» እና «ቦርድ» አሉ፤ ሁለቱም የአማርኛ ጆሮን ያታልላሉ። እኛ ጋ ሎጅ ማለት ለጎብኚ የተሠራ መዝናኛ ማረፊያ ነው፣ ቦርድ ደግሞ የድርጅት አመራር ጉባኤ። በእንግሊዝኛ «ሎጅ» ግሥ ሲሆን በሰው ቤት አንድ ክፍል ይዞ እየከፈሉ መቀመጥ ነው፤ አቤቱታ ማስገባትም በዚሁ ግሥ ይነገራል። «ቦርድ» ጣውላ፣ ቀጥሎም ማዕድ ነበር፤ ስለዚህ «ቦርድ» ባለበት ምግብ አለ። «ቦርድ ኤንድ ሎጂንግ» ወይም እንደ አሜሪካኖቹ «ሩም ኤንድ ቦርድ» መኝታና ምግብ ነው። «ሃፍ ቦርድ» ቁርስና አብዛኛውን ጊዜ እራት፣ «ፉል ቦርድ» ሦስቱንም ማዕድ ይጨምራል። የሥራ ውል ላይ «ሎጂንግ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ቀጣሪው ሊያበላችሁ አልተስማማም፤ ቃል የተገባላችሁ ምግብ ካለ «ቦርድ» እንዲጨመር ጠይቁ።

እየከፈሉ በመኖር ጉዳይ ዋናው ክርክር የሚነሳው «ሎጀር» እና «ቴናንት» ላይ ነው። ሁለቱንም «ተከራይ» እንላቸዋለን፤ በእንግሊዝ ሕግ ግን መብታቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሎጀር ከባለቤቱ ጋር አንድ ቤት የሚጋራ፣ ባለቤቱ ክፍሉ እንደ ልቡ የሚገባበት ነው። ከባለቤቱ ጋር ወጥ ቤትና መታጠቢያ የሚጋራ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል። ቴናንት ግን ቤቱን ለብቻው ይዞ ሌላውን፣ አከራዩንም ጭምር፣ ደጅ ሊያቆም የሚችል ነው፤ እሱን ለማስወጣት ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከፍተኛው የዳኝነት ሸንጎ በ1985 በወሰነው ስትሪት በማውንትፎርድ ላይ በተባለው ጉዳይ፣ ለብቻ የተያዘ ቤት ለተወሰነ ዘመን በኪራይ ከተሰጠ ወረቀቱ «ፈቃድ ብቻ ነው» ቢልም ኪራይ ነው ተብሏል። ስለዚህ ውል ላይ «ሎጀር» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ መብት የለኝም ብላችሁ ዕቃችሁን አትሰብስቡ። ቁልፉ በማን እጅ ነው? አከራዩ እዚያው ይኖራል? ሳያንኳኳ ይገባል? እነዚህን ጽፋችሁ ይዛችሁ ለሕግ አማካሪ አሳዩ። በተቃራኒው በሥራ ፍለጋ ወይም በባንክ ወረቀት ላይ ሎጀር ሆናችሁ ሳለ «ቴናንት» ብላችሁ ብትሞሉ፣ የሌላችሁን የኪራይ ውል አምጡ ትባላላችሁ።

«ሬንት» እና «ሌት» ቀላል ናቸው። «ሬንት» መከራየትም ማከራየትም ነው፣ «ሌት» ማከራየት ብቻ። እንግሊዝ አገር በር ላይ «ቱ ሌት» ካያችሁ የሚከራይ ቤት ነው። ዕቃና መኪና ለአጭር ጊዜ ሲሆን እንግሊዞቹ «ሃየር» ይላሉ፤ ቤት «ሃየር» አይደረግም።

ብዙ ትምህርት የቀመሱ ሰዎች የሚወዱት «አኮሞዴት» የሚለውን ነው፣ ትልቅ ስለሚመስል። ምንጩ የላቲን ቃል ሲሆን ማስማማት፣ ማመቻቸት ማለት ነበር፤ ይህን ማወቅ ብዙ ያግዛል። አጎት «አኮሞዴት አደረገኝ» ማለት ደረቅ ይሆናል፣ ፍላጎቴን አሟላልኝ ተብሎም ሊሰማ ይችላል። ቃሉ የሚስማማው ለቦታና ለተቋም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ስለ አቅም ይናገራል። «ይህ ቤት 6 ሰው ያኮሞዴታል» ማለት 6 ሰው ይበቃዋል ነው እንጂ 6 ሰው አድሮበታል ማለት አይደለም። አልጋ ለመቁጠር «ስሊፕስ 6»፣ ወንበር ለመቁጠር «ሲትስ 6» ይላሉ። ስሙ «አኮሞዴሽን» በእንግሊዞች ዘንድ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ፊቱ «አን» አይገባም፤ አሜሪካኖች ግን መጨረሻው ላይ «ኤስ» ይጨምሩበታል። ሲጻፍ «ሲ»ም «ኤም»ም ሁለት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን መጣል የተለመደ ስህተት ነው። ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ዩኒቨርሲቲ ላይ አለ። የብሪታንያ ተማሪ «አኮሞዴሽን» ቢሮ ሲል መኝታ ክፍል የሚሰጠውን ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ ያው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚደረግ ማመቻቸትን፣ ለምሳሌ ተጨማሪ የፈተና ሰዓትን ያመለክታል፤ መኝታ የሚጠየቀው «ሃውዚንግ» ቢሮ ነው። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ «ሪዝነብል አኮሞዴሽን» የሚለውም ከቤት ጋር አይገናኝም። ብሪታንያ በ2010ሩ የእኩልነት ሕጓ ይህንኑ «አጀስትመንት» ትለዋለች።

ስለ «ሃውስ» አጠራሩን ልብ በሉ። ስም ሲሆን መጨረሻው «ስ» ነው፣ ግሥ ሲሆን «ዝ»፦ «ሃውስ» ቤት፣ «ሃውዝ» ቤት ሰጠ። የሚሰጠው ግን ዘመድ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤት፣ ድርጅት ወይም መንግሥት ነው፤ እኅቴ «ሃውዝ አደረገችኝ» ከተባለ እኅትየው ተቋም ትመስላለች። እስረኛንም ይጨምራል። «ማረሚያ ቤቱ 600 እስረኞችን ሃውዝ ያደርጋል» የሚለውን በአማርኛ «600 እስረኞችን ያስተናግዳል» የሚሉ ትርጉሞች አነባለሁ። እስር መስተንግዶ አይደለም፤ «600 እስረኞች ይገኙበታል» ወይም «ይይዛል» ይበቃል።

«ሼልተር» ከአንድ ክፉ ነገር መከለል ነው፦ ከዝናብ፣ ከቦምብ፣ ከድብደባ። ምቾትን ወይም ርዝመትን አያመለክትም። «ኤ ሼልተር» ሕንፃው ነው፣ ያለ «ኤ» ከሆነ ከለላው። ባሏ የሚደበድባት ሴት አሜሪካ ውስጥ የምትጠይቀው «ሼልተር» ነው፣ ብሪታንያ ውስጥ ግን ይህ ቦታ «ሬፊውጅ» ይባላል፤ በስልክ ቶሎ ርዳታ ለማግኘት ይህን አንድ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። «ሼልተርድ ሃውዚንግ» የሚለውን «መጠለያ» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ደግሞ አሉ። ብሪታንያ ውስጥ እሱ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የተዘጋጀ፣ የድንገተኛ ጥሪ ደወልና ተቆጣጣሪ ሊኖረው የሚችል ቤት ነው፤ የ25 ዓመት ወጣት ቢጠይቀው ተሳስተሃል ተብሎ ይመለሳል። ወጣቱ የሚፈልገው «ኢመርጀንሲ አኮሞዴሽን» ወይም «ሆስቴል» ነው።

ተመድቦ የሚገባ ሰው ቃሉ «ኳርተር» ወይም «ቢሌት» ነው፣ የእኛ «ምሪት» የሚቀርበው። «ኳርተር» የወታደር ነው። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 3ኛ ማሻሻያ በሰላም ጊዜ ወታደር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በማንም ቤት «ኳርተር» እንዳይደረግ የከለከለው በዚሁ ቃል ነው። «ቢሌት» ትንሽ የጽሑፍ ትእዛዝ ማለት ነበር፤ ይህን ሰው ቤትህ አሳድር የምትል ወረቀት። በመስከረም 1939 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከእንግሊዝ ከተሞች የወጡ ልጆች በየገጠሩ ቤት የገቡት «ቢሌት» ተደርገው ነው፤ ተቀባዩ ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሽልንግ ከ6 ፔንስ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 8 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለው ነበር። ዛሬ ቃሉን ከወታደር ውጭ የምትሰሙት አልፎ አልፎ ነው። በካናዳ ወጣት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን የሚያኖሩ ቤተሰቦች «ቢሌት ፋሚሊ» ይባላሉ፣ እዚያ ቃሉ ሞቅ ያለ ነው። የስደት ታሪካችሁን ስትናገሩ ወታደሮች በግድ ቤታችሁ ገብተው ከነበረ «ስቴይድ» አትበሉ፤ ያ በስምምነት ያስመስለዋል። «ወር ኳርተርድ ኢን አወር ሃውስ፣ ዊዝአውት አወር ኮንሰንት» ብትሉ ያለ ፈቃዳችሁ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

አንድ የሚረሳ ቃል አለ፤ «ሰርቪስ»። በአማርኛ ከዋናው ቤት ኋላ ያለችው ክፍል ናት። «አይ ሊቭ ኢን ኤ ሰርቪስ» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ምንም አይነግረውም። «ከዋናው ቤት ኋላ ያለ አንድ ክፍል» ብላችሁ በዝርዝር ተናገሩ።

ቃል ስትሰጡ ወይም ስታስተረጉሙ እንዲህ አድርጉ። ስለ ማደሪያችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ በአማርኛ ጻፉ፣ አምስት ነገር የያዘ፦ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነና ምን እንደሚሆናችሁ፣ የገባችሁበት ቀን፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩ፣ ምን ቦታ ላይ እንደምትተኙ፣ እስከ መቼ እንደተፈቀደላችሁ። «ከጥር 3 ጀምሮ የአክስቴ ልጅ ቤት ሳሎን ሶፋ ላይ እተኛለሁ፣ አልከፍልም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንድወጣ ነግሮኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ግሥ ቢተረጎም ትርጉሙ አይጠፋም። ቀን ስትሰጡም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። ቃላችሁ ተጽፎ ሲያልቅ ከመፈረማችሁ በፊት በአማርኛ ተመልሶ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። «ደበቀኝ» የሚል ድምፅ ያለው ቃል ከሰማችሁ ወይም «መኖሪያዬ» ያላላችሁት «መኖሪያዬ» ሆኖ ከተነበበ እዚያው አስቁሙት። እርማቱ ከተሰረዘው ቃል አጠገብ ይጻፍና ፊርማችሁን አጭር አድርጋችሁ ጎኑ ላይ አኑሩ፤ ከፈረማችሁ በኋላ «አስተርጓሚው ተሳስቶ ነው» ማለት እጅግ ይከብዳል።